ሴት ልጅ የወለደች እናት ምን በደለች?

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሣው ነገር በየቤቱ ጓዳ በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የማይነገር ጉዳይ ነው። ነውር ይሆንብኝ ይሆን እያልሁ ሁለት ሳምንት ያህል ብዕሬን ሳነሣና ስጥል ቆየሁ። በመጨረሻ ግን አለማወቅ ቤት ሲያፈርስ እያዩ ዝም ማለት ከነውር ሁሉ የባሰ ነውር መሆኑን ስለ ተረዳሁት፣ እነሆ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰው ከእናትና ከአባቱ እንዴት እንደሚገኝ አስተምር ነበር። እንደ ልማዳቸው ወንዶቹ በክርን ይጓሸማሉ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን በደብተር ይከልላሉ። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጅዋን አወጣች።

«መምህር፣ ሴት ልጅ ብቻ የምትወልድ እናት ምን ጎድሏት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እርስዋ ግን አልሳቀችም።

ደወል ከተደወለ በኋላ በር ላይ ጠብቃ ነገሩን አጫወተችኝ። እናትዋ አምስት ሴቶች ልጆች ወልዳለች። ጠያቂዋ የመጀመሪያዪቱ ናት። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የተወለዱት በአራት ዓመት ውስጥ ነው። አምስተኛዪቱ በተወለደች ሌሊት እናቲቱ ብዙ ደም ፈስሷት በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት ደርሳ በስንት መከራ ተረፈች። ሐኪሙም ሰውነትዋ እስኪጠና ድረስ እንዳትፀንስ አስጠንቅቋት ነበር። ዳሩ ግን የአባትዋ ዘመዶች ተሰብስበው፣ «ወይ ዘንድሮ ወንድ ትውለድ፣ ወይ ወንድ የምትወልድ ሌላ አግባ» ብለው መክረውታል። እናትየውም ቤትዋ እንዳይፈርስ ብላ እንደ ገና ልትፀንስ ቆርጣለች።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የልጅቱ ጥያቄ የፈተና ጥያቄ አልነበረም። የእናትዋ ነፍስ ጥያቄ ነበር።

መቼም ይህ ወቀሳ በአገራችን ብቻ ያለ አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከመጀመሪያዪቱ ሚስቱ ከካትሪን በሕይወት ያደገችለት ልጅ በ1516 የተወለደችው ማርያም ብቻ ስለ ነበረች፣ ወንድ ወራሽ ፍለጋ ካትሪንን ፈትቶ አን ቦሊንን አገባ። አንም በ1533 ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ በኋላም ወንድ ልጅ አልሰጠችውምና ንጉሡ ፊቱን አዞረባት፤ በ1536 በክሕደት ተከስሳ አንገትዋን ተቀላች። ንጉሡ ሲወለዱ ያልተደሰተባት ያች ሕፃን ግን ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ተብላ ከ1558 እስከ 1603 ድረስ እንግሊዝን ገዛች፤ አገርዋም እስከ ዛሬ በዘመንዋ ይመካል።

የጥንት ሊቃውንትም ቢሆኑ ነገሩን በግምት እንጂ በዕውቀት አልተናገሩትም። አርስጣጣሊስ እንኳ የልጁን ፆታ የሚወስነው ሙቀት ነው ይል ነበር። እውነቱ የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፤ ካወቁትም መካከል አንዲቱ ሴት፣ ያውም እንደ እኔው የትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረች ናት።

ኔቲ ስቲቨንስ በ1861 በአሜሪካ ተወለደች። አያሌ ዓመታት በማስተማር ገንዘብ አጠራቅማ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሆናት ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከዚያም በፔንሲልቬኒያ በብሪን ማር ኮሌጅ ስትመራመር፣ በዱቄት ውስጥ የሚራባውን የጥንዚዛ ትል ይዛ የሕዋሱን ውስጥ በአጉሊ መነጽር ትመረምር ጀመር። በሕዋስ ውስጥ የዘር ባሕርይ የሚተላለፍባቸው ክሮሞሶም የተባሉ ደቃቅ ክሮች አሉ። ስቲቨንስ ስትቆጥራቸው በሴቲቱ ትል 20 ትልልቅ ክሮሞሶሞች አገኘች። በወንዱ ግን 19 ትልልቅና 1 ትንሽ ሆነው ተገኙ። ከወንዱ ዘር እኩሌታው ትልቁን፣ እኩሌታው ትንሹን ይዞ ይወጣል። ትንሹን የያዘው ዘር ዕንቁላሉን ሲያገኝ ወንድ፣ ትልቁን የያዘው ሲያገኝ ሴት ይሆናል ማለት ነው። ይህን በ1905 አሳተመችው። በዚያው ዓመት ኤድመንድ ዊልሰን የተባለው ሊቅም ለብቻው ወደዚሁ ነገር ደርሶ ነበር። ስቲቨንስ በ1912 ሞተች፤ ሥራዋ ግን አልሞተም።

የሰውም ነገር ከዚሁ ጋራ የተመሳሰለ ነው። ሰው በእያንዳንዱ ሕዋሱ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት በ1956 ተረጋገጠ። እነዚህም 23 ጥንዶች ናቸው። ከጥንዶቹ አንዱ ፆታን የሚመለከት ነው። በሴት ሁለቱም ኤክስ ይባላሉ። በወንድ ግን አንዱ ኤክስ፣ ሁለተኛውና አጭሩ ዋይ ይባላል። ስለዚህ የእናት ዕንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ይዞ ይመጣል፤ ሌላ ሊያመጣ አይችልም፣ የላትምና። የአባት ዘር ግን ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይዞ ይሄዳል። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ዕንቁላሉን ከገባ ሴት፣ ዋይ የያዘው ከገባ ወንድ ትፀነሳለች፣ ይፀነሳል። አልፎ አልፎ ከዚህ የሚለይ አፈጣጠር ቢኖርም ሥርዐቱ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ፅንሱ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ድረስ በአካሉ ወንድና ሴት ተብሎ የማይለይ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በዋይ ላይ ያለች አንዲት ጂን ወደ ወንድነት እንዲያዘነብል ታዘዋለች። ይህችም ጂን የታወቀችው በ1990 ነው። እናቲቱ በዚያ ጊዜ የበላችውም፣ የጠጣችውም፣ የተመኘችውም በዚህ ትእዛዝ ላይ ሥልጣን የለውም።

አያቶቻችን ሴትን በመሬት፣ ወንድን በዘሪ ይመስሉ ነበር። ምሳሌውን ለአንድ አፍታ እንቀበለው። ጤፍ ዘርቶ ጤፍ ያጨደ ገበሬ መሬቱን «ለምን ስንዴ አላበቀልህም?» ብሎ ይከስሰዋልን? ይሁንና ምሳሌው ራሱ ጎደሎ ነው። እናት መሬት ብቻ አይደለችም፤ ከ46ቱ ክሮሞሶሞች 23ቱን የምትሰጥ እርስዋ ናት። የልጁ ዐይንም፣ ቁመትም፣ መልክም ከሁለቱም የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንባቢዬ ቸኩለው ጥፋቱን ከእናት አንሥተው በአባት ላይ እንዳይጭኑት አደራ እላለሁ። አባት የትኛው ዘር እንደሚቀድም አይመርጥም፤ አያውቅምም። ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት በማግስቱ እያንዳንዳቸው የአንድ ብር ሳንቲም ይዘው እንዲመጡ አዘዝኋቸው። አንበሳ ከወጣ ወንድ፣ ሚዛን ከወጣ ሴት ብለን አምስት አምስት ጊዜ ወረወሩ። ከ58 ተማሪዎች ሁለቱ አምስቱንም ጊዜ ሚዛን ጣሉ። በሒሳብ ቢታሰብም አምስት አምስት ልጆች ካሏቸው 32 ቤተሰቦች በአንዱ ገደማ አምስቱም ሴቶች እንዲሆኑ ይጠበቃል። በአንዱም ገደማ አምስቱም ወንዶች ይሆናሉ። በእውነቱ በዓለም ላይ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ስለሚወለዱ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። «አምስት ሴት ከወለደች እንግዲህ ስድስተኛው ወንድ መሆኑ አይቀርም» ይባላል። ሳንቲም ትዝታ የለውም! አምስት ጊዜ ሚዛን ቢወጣ በስድስተኛው አንበሳና ሚዛን እንደ ገና እኩል ናቸው። በተስፋ ብቻ ስድስተኛ ልጅ የሚፀንስ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

«በዚህ ቀን ከተገናኙ ወንድ፣ በዚያ ቀን ከሆነ ሴት» የሚለውም ምክር በሰፊው ይወራል። በ1995 በታተመ ጥናት በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ለመፅነስ የፈለጉ 221 ሴቶች ቀናቸውን በጥንቃቄ መዝግበው ነበር። ሴት የምትፀንስባቸው ቀኖች ዕንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀኖች፣ በጠቅላላው ስድስት ቀን ያህል መሆናቸው ታወቀ። በቀኑና በልጁ ፆታ መካከል ግን አንዳች ግንኙነት አልተገኘም። ወንድ ያስወልዳል ተብሎ የሚሸጥ ሥራሥርም ገንዘብ ከመጨረስና ሆድ ከማወክ ያለፈ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ጤናው ነገር እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነውና። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሞች የሚሉትን ግን በትክክል ላድርስ። በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ነገሮች ቀዳሚው በወሊድ ጊዜ የሚፈስስ ብዙ ደም ነው። ቀደም ሲል እንዲህ የደማች እናት በሚቀጥለው ወሊድ ሊደገምባት ይችላል። ሳታርፍ በላይ በላዩ የምትወልድ እናት ደግሞ ከሰውነትዋ የወጣው ደምና ብረት ሳይተካ ሌላ ፅንስ ይጨመርባታል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ሳይሞላ ሌላ እንዳይፀነስ ይመክራል። ለዚህም የሚያገለግል መርፌ፣ ክኒን፣ በክንድ የሚቀበርና በማኅፀን የሚቀመጥ መከላከያ በየጤና ጣቢያው ይገኛል። የትኛው እንደሚስማማ ባልና ሚስት አብረው ሄደው ቢጠይቁ መልካም ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የልጅቱ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ትምህርት ቤት መጡ። በዕድሜ አባቴን ያህላሉ።

«መምህር፣ ልጄ ጥፋቱ የአንተ ነው አለችኝ። እንዲህ ብለው ነው የሚያስተምሩት?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም ብዬ ነው ያስተማርኋት» አልሁና ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ ሰጠኋቸው። «እስቲ አንበሳው እንዲወጣ አድርገው ይጣሉት።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔም የምጠይቅዎ እርሱኑ ነው። እርስዎ በእጅዎ የያዙትን ማዘዝ ካልቻሉ ባለቤትዎ ያልያዙትን እንዴት ያዙ?»

ዝም አሉ። ብዙ ቆይተው፣ «ስሜስ? ስሜን ማን ያስጠራልኛል?» አሉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

የልጃቸውን ደብተር ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥቼ ሽፋኑን አሳየኋቸው። በአንዳንድ ሌላ አገር ሴት ስታገባ የባልዋን ስም ትይዛለች። በእኛ አገር ግን ብታገባም፣ ብትወልድም፣ ብታረጅም የአባትዋን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች። በደብተሩ ላይ ከልጅቱ ስም ቀጥሎ የእርሳቸው ስም በትልቁ ተጽፏል። አምስት ሴቶች ልጆች ስማቸውን ይዘው በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሲጠሩላቸው ይታይዎታል፣ አንባቢዬ። እናታቸው ብትሞት ግን እነዚያን አምስቱን ማን ያሳድጋቸዋል? ይህን ስጠይቃቸው አልመለሱልኝም። ደብተሩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ሳንቲሜን ሳይመልሱልኝ መሄዳቸው ትዝ ያለኝ ማታ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጅቱ አባትና እናትዋ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳቸውን ነገረችኝ። ዘመዶቹ ዛሬም ያጉረመርማሉ አሉ። ይሁንና እናቲቱ ለጊዜው ዐርፋለች፤ ቤቱም አልፈረሰም።

ውድ አንባቢ፣ በብዙ አካባቢ ለወንድ ልጅ የሚባለው እልልታ ለሴት ልጅ ከሚባለው ይበልጣል። ይህን ልማድ በአንድ ቀን ማስተው አይቻልም ይሆናል። ነገር ግን በጎረቤትዎ ሴት ልጅ የተወለደች ዕለት፣ አራስዋን ሊጠይቁ ሲገቡ፣ «አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ወንድ ይሆናል» አይበሏት። አልበደለችምና ማጽናናት አያሻትም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበሏትና ገንፎውን ይብሉ።

ለሳምንት ያገናኘን።