የጊፋታ ልብስ በዱቤ ይቅር፤ በሁለት ሻርፕ ይሰፋል



ክረምቱ ሊወጣ ነው። ዳሞታ ጉሙን ገፎ ብቅ ማለት ሲጀምር የሁላችንም ልብ ወደ ጊፋታ ይሄዳል። እንደሚታወቀው ለዚህ በዓል የሚደረገው ዝግጅት የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም። አባወራው ለበሬው መግዣ ከጎረቤቶቹ ጋር ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል። እማወራዋ ቅቤዋን ከወዲሁ ታስቀምጣለች። ልጆቹ እንኳ ማገዶ ይሰበስባሉ። ይህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን የቁጠባ ትምህርት ስለሆነ እንኮራበታለን።

ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆኖብናል፤ እሱም ልብሱ ነው። ለሥጋው ዓመት ሙሉ ስንቆጥብ ከርመን፣ ለልብሱ ግን በመጨረሻው ሳምንት ከሱቅ ሱቅ እንሯሯጣለን። ዱቤ እንጠይቃለን፤ ዱቤ ከጠፋ እንበደራለን። እኛም ራሳችን ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። አምና ለልጃችን ጨርቅ በዱቤ ወስደን ለልብስ ሰፊ ሰጠን። ሰፊው ወረፋ በዝቶበት ኖሮ በዋዜማው ምሽት ‹‹ነገ ኑ›› አለን። ልጅቷ እኩዮቿ ዱንጉዛ ለብሰው ሲጨፍሩ በአጥር ቀዳዳ እያየች ዋለች። ዕዳው ግን እስከ ጥር አብሮን ቆየ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ሐሳብ ይዘን ቀርበናል። ቆንጆ የበዓል ቀሚስ ከሁለት የዱንጉዛ ሻርፕ በቤት ውስጥ፣ በእጅ መርፌ፣ መቀስ ሳይነካው ይሰፋል። ሞክረነው አይተናል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወርዳቸው ግማሽ ሜትር ግድም፣ ርዝመታቸው 180 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሁለት እኩል ሻርፖች ይመረጣሉ። ከመስፋት በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጫፋቸው ላይ ማሸት ያስፈልጋል፤ ቀዩ ወይም ጥቁሩ ቀለም ከለቀቀ ቢጫውን ያበላሻልና። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ነው። የጥጥ ክር ገና በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ ልብስ በኋላ ይጨማደዳል።

ሁለቱ ሻርፖች ጎን ለጎን ይዘረጉና እያንዳንዳቸው በትከሻ ላይ እንደሚጣል ነጠላ ከመሐል ይታጠፋሉ። ግማሹ ፊት፣ ግማሹ ጀርባ ይሆናል። መታጠፊያው ትከሻ ነው። በፊት በኩል ከመታጠፊያው ወደ ታች 25 ሳንቲ ሜትር ለአንገት ይተውና ከዚያ እስከ ታች ሁለቱ ይጋጠማሉ። በጀርባ በኩል 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ መተው ይበቃል። አንገቱ ጥልቅ ነው የምትል ሁለት ሦስት ሳንቲ ትቀንስ፤ ጭንቅላት መግባቱን ግን ቀድማ ትሞክር። በሁለቱ ጎን ደግሞ ከመታጠፊያው 25 ሳንቲ ሜትር ለክንድ ይተዋል፤ ከታችም እንዲሁ 25 ሳንቲ ሜትር ለእርምጃ ክፍት ይሆናል። የቀረው ይሰፋል። በቃ!

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ መርፌ ከመያዛችሁ በፊት መስመሩ ከመስመሩ መግጠሙን እያያችሁ በመርፌ ቁልፍ አያይዙት፤ ዱንጉዛ ላይ የተንሻፈፈ መስመር ከሩቅ ይታያል። ሁለተኛ፣ ስፌቱ አንገቱና ክንዱ ጋ ሲደርስ እዚያው ላይ አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ልብስ የሚተረተረው ከዚያ ነው። ጠርዙ በሸማኔው እጅ የተዘጋ ስለሆነ መቀምቀም አያሻውም፤ ዘርፉም ራሱ ከታች ጌጥ ይሆናል። ወገብ ላይ መቀነት ሲታሰርበት ጉልበት አካባቢ የሚደርስ፣ እጅጌው ክርን የሚሸፍን ያማረ ቀሚስ ይወጣዋል። ረጅም የምትፈልግ ከሥር ጉርድ ታድርግ።

ይህን ስንል የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንድ አባቶች ‹‹ዱንጉዛ የክብር ልብስ ነው፤ በአንድ ወቅት የባለማዕረግ ልብስ ነበር፤ እንዴት ለፋሽን ይሆናል?›› ይሉናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኛ መልስ፣ እዚህ ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም የሚል ነው። በዓሉ ሲያልፍ ክሩ ይፈታና ሻርፑ ተመልሶ ሻርፕ ይሆናል። ይልቅ ክብሩን የሚነካው ሙሉውን ጨርቅ ሸነሻትሮ ፍርፋሪውን መጣል ነው።

ሌሎች ደግሞ ‹‹የልብስ ሰፊዎችን እንጀራ ልትዘጉ ነው›› ይላሉ። አይደለም። በዋዜማው ሳምንት ሰፊዎቻችን እንቅልፍ አጥተው ነው የሚያድሩት። ኮቱ፣ ሱሪው፣ ዚፕ ያለው ሁሉ የእነሱ ነው፤ የሚቀንስላቸው ወረፋውና ወቀሳው ነው።

እኛን የበለጠ የሚያሳስበን የሸማኔው ጉዳይ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያ ሲያመላልስ ውሎ የሠራው ሻርፕ፣ የዱንጉዛ መልክ ከታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ጎን ተሰቅሎ ‹‹ውድ ነው›› ይባላል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ገልብጣችሁ እዩት። የተሸመነው በሁለቱም ፊት አንድ ነው፤ የታተመው በጀርባው ይደበዝዛል። አቅም ያነሰው ወገናችን የታተመውን ቢገዛ አንወቅሰውም፤ በሳጥን ውስጥ የተኛ አሮጌ ሻርፕ ካለም በዚሁ ዘዴ ይሰፋል። አቅሙ ያለን ግን፣ ለስፌት ልንከፍል የነበረውን ለሸማኔው ብንጨምርለት ገንዘቡ እዚሁ ወላይታ ውስጥ ይዞራል።

በመጨረሻም ለሰፈራችን ማኅበር አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ የእድሩ ድንኳን ይተከልና አብረን እንስፋ። እማማዎች የልጃገረዶቹን ስፌት ይመልከቱላቸው፤ ሲንጀር ያላችሁ ለአንድ ቀን አውሱን። ወንዶችም ‹‹የሴት ሥራ ነው›› ብላችሁ አትሽሹ፤ ለመሆኑ የምናውቃቸው ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች አብዛኞቹ እነማን ናቸው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ሁለት ሻርፕ ጋጥመን አንዲት ልጅ ከአጥር ጀርባ ወጥታ ከእኩዮቿ ጋር እንድትጨፍር ካደረግን ትልቅ ነገር ሠርተናል።

ለበሬው ዓመቱን ሙሉ የምንቆጥብ ሰዎች፣ ለልብሱ ከዛሬ ጀምረን ሳንቲም ማስቀመጥ አያቅተንም። ዘንድሮ ማንም በዕዳ አይልበስ፤ ማንም ልብስ አጥቶ ከቤት አይዋል።

ዮ… ዮ… ጊፋታ! በሰላም ያድርሰን።