ጡሩምባው አራተኛ ፎቅ ይሰማል?

“ድሮ ሰፈራችን ፍቅር ነበር!” ትላላችሁ አይደል? እኛም እንላለን። ማኪያቷችንን ይዘን እንቀመጥና ከመካከላችን አንዱ የድሮ ፎቶ ያወጣል… ወሬው በዚያው ይሄዳል። የጎረቤት ሽሮ፣ አንድ ቴሌቪዥን ከበን ኳስ ያየንበት ቤት፣ ያጠፋን ልጅ ማንም ጎረቤት እንደሚቆነጥጠው፣ ለእናቱ ቢናገር ደግሞ ሁለተኛውን እንደሚጨመርለት… ስንስቅ፣ ስንተክዝ እናመሻለን። ከዚያ ሒሳባችንን ከፍለን የጎረቤቶቻችንን ስም ወደማናውቅበት ወደየኪራይ ቤታችን እንበተናለን።

እናላችሁ፣ ዛሬ ስለዚህ ናፍቆት ልናወራችሁ ፈለግን። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ውሸት መስሎ ስለታየን ነው።

ከውሸቱ እንጀምር። ያደግንበት ሰፈር መሀል አዲስ አበባ ካሉት የቀበሌ ቤት ሰፈሮች አንዱ ነው። እሱን ባታውቁትም ወንድሞቹን ታውቃላችሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች ለቀበሌ አስረከበ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ስለቆየ የቀን ሠራተኛውም፣ ሊስትሮውም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም ከተማው መሀል መኖር ቻሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን በዚያ ኪራይ ቤት አይታደስም። ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፣ ተከራዩ ደግሞ የእኔ ያልሆነውን ቤት ምን ብዬ ላድሰው ይላል። በመሀል ቤቱ ዘመመ።

አንድ ሽንት ቤት ለአሥር አባወራ ነበር። ሌሊት እህቶቻችን ብቻቸውን መውጣት ስለሚፈሩ ወንድም ይቀሰቀሳል። ክረምት ሲገባ አልጋ ላይ ሳፋ እናስቀምጥ ነበር። አንዱ ቤት የገባ ሳል ግድግዳ አያቆመውም፣ ሁሉም ቤት ይዞራል። በአንድ ቆጣሪ ለስድስት ቤት መብራት ተስቦ፣ “ምጣድ የጣደው ማነው?” በሚል ስንት የጡት ልጆች እስኪመስሉ የተዋደዱ ጎረቤቶች ተኮራርፈዋል። ሐሜቱንማ ተዉት! ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ሰፈሩ ውስጥ ቀና ብላ ለመሄድ ዓመት ይፈጅባት ነበር።

ይሄን ሁሉ “ፍቅር” ብለን ብንጠራው እዚያ ቤት ውስጥ ዛሬም በሚኖሩት ሰዎች ላይ መቀለድ ነው። ድህነት ነበር። አሁንም ድህነት ነው።

ታዲያ እውነቱ የቱ ነው? እውነቱ፣ ሰዎቹ በዚያ ድህነት ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ነገር ሠርተው ነበር። ሠርተው እንላለን፣ ዝም ብሎ የበቀለ ስላልሆነ።

ዱቤን ውሰዱ። ባለሱቁ ለእናቶቻችን ዘይትና ስኳር በደብተር የሚጽፍላቸው ደግ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ቤታቸውን ያውቃል። አባወራው ሥራ ያገኘበትንና ያጣበትን ሳምንት ያውቃል። ዕቁቡ ለማን መቼ እንደሚወጣም ይሰማል። ባንክ የማያበድረው ሰው በዚያ ደብተር ይበደር ነበር። መያዣው መተዋወቅ ነው። ጉሊት የምትቸረችር እናት ስትታመምም ጎረቤቷ መደቧ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቷን ትሸጥላታለች። ያቺ ጎረቤት ደግሞ በተራዋ ልጇን ጥላ ገበያ ትሄዳለች። ብድር ይመላለሳል።

ዕድርማ ጭራሽ በስሜት የሚሄድ አይደለም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል፣ ከቀብር የቀረም ይቀጣል። በአዲስ አበባ በተለይ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ እንደተስፋፋ ብዙ ጥናቶች ይናገራሉ። ከየአገሩ ተሰባስቦ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባው ሲነፋ “ማን ይሆን?” እያልን ከአልጋችን ቀና የምንለው ለዚህ ነበር። እስላም ክርስቲያኑ ተጠራርቶ ረፋድ ላይ ድንኳኑ ቆሞ፣ አግዳሚው ተደርድሮ ይገኛል።

እዚህ ላይ እኛ ወንዶቹ ትንሽ እንፈር። አባቶቻችን መዝገቡን ይዘው ስም ሲጠሩ፣ ንፍሮውን የቀቀሉት፣ ጭሱን የጠጡት፣ የዕድሩን ብረት ድስት እስከ ሌሊት ያጠቡት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። “ፍቅር ነበር” የምንለው ነገር አብዛኛው የእነሱ ጉልበት ነው። ደመወዝ አልተከፈለበትም፣ ብዙ ጊዜ ምስጋናም አልነበረውም።

አሁን ወደ ዘንድሮ እንምጣ። ከተማዋ እየፈረሰች እየተሠራች ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ተነሱ። ከቀበሌ ቤት የተነሱት ምትክ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ተሰጣቸው፣ ብዙዎቹም ከከተማው ዳር። የፈረሰው ቤት ይፍረስ አይፍረስ የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና፣ ሰው ከቤቱ ጋር ምን ይዞ እንደወጣና ምን ጥሎ እንደወጣ እንይ።

ከሰፈራችን ከተነሱት አንዷ እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ የነበሩ እናት ናቸው። ሁላችንም እንጀራቸውን በልተን ነው ያደግነው። ልንጠይቃቸው ሁለት ታክሲ ቀይረን፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እያለከለክን ወጣን። ገና ሳንቀመጥ መጀመሪያ ያሳዩን ምን መሰላችሁ? ሽንት ቤታቸውን። “ይኸው፣ የራሴ! ቁልፉም የኔ!” አሉ በኩራት። ለናፍቆታችን ጥሩ መልስ ነበር። እኛ የምንናፍቀውን ሰፈር እሳቸው ለአርባ ዓመት ተሰልፈውበታል።

ቡናው ሲፈላ ግን ሌላው ወሬ መጣ። እንጀራቸውን ይረከቧቸው የነበሩት ምግብ ቤቶች ሩቅ ቀሩ። እዚህ ያለው ባለሱቅ ስለማያውቃቸው ዱቤ አይሰጥም። የድሮው ዕድር አባላት በየአቅጣጫው ቢበተኑም እሳቸው መዋጮ ለመክፈል በየወሩ ያችኑ ሁለት ታክሲ ይሳፈራሉ። የአዲሱ ብሎክ ዕድር ደግሞ መመዝገቢያ ይጠይቃል፣ ለእሱ አልሞላላቸውም።

“አሁን እዚህ ብሞት፣ ልጆቼ፣ ጡሩምባው እዚህ ድረስ ይሰማል ብላችሁ ነው?”

ከመካከላችን አንዱ ሊያጽናናቸው ብሎ “ስልክ አለ አይደል፣ እትዬ?” አላቸው።

“ስልኩን ማን ይደውላል?” አሉት።

መልስ አልነበረንም።

እኛ የገባን ይህ ነው፦ ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ጭቃው አልነበረም፣ ስለዚህ ጭቃውን ማስቀረት አያስፈልግም። ሰዎቹ በሃምሳ ዓመት የሠሩትን መተዋወቅ ግን እንደ አሮጌ ቆርቆሮ አብሮ ማፍረስ ኪሳራ ነው፣ የገንዘብ ኪሳራ ጭምር። ታዲያ ሰው ሲነሳ ለምን በግለሰብ ብቻ ይበተናል? ለምን በዕድር አይነሳም? ዕድሮች የአባላት መዝገብ አላቸው። እነማን አብረው እንደሚቀብሩ፣ እነማን አብረው እንደሚጦሩ ተጽፎ ተቀምጧል። አንድ ዕድር በአንድ ወይም በሁለት ብሎክ ቢገባ ዱቤው፣ የልጅ ጥበቃው፣ የታማሚው ጥየቃ አብሮ ይገባል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለድግስና ለልቅሶ ተብለው የተሠሩት የጋራ ሕንፃዎችም ለተሠሩበት ነገር ይዋሉ። የጉሊት መደብም ቦታ ይኑረው። ድሃን ከከተማ መሀል አንስቶ ገበያ በሌለበት ማስቀመጥ ቤት ሰጥቶ እንጀራ መውሰድ ነው። በቀበሌ ቤት ጥግ በደባልነት የሚኖሩትም አሉ፣ ስማቸው በየትኛውም ደብተር የሌለ። እነሱንም አትርሱ እንላለን።

ይህ ለመንግሥት ነው። ለእኛስ?

እስቲ በሐቀኝነት፣ ስንቶቻችን የዕድር አባል ነን? እኛ አራታችን ተጠያየቅን። ሁለታችን “በእናቴ ስም አለሁ” አልን። አንዳችን “ገና ወጣት ነኝ” አለ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አንዷ ብቻ ባለፈው ዓመት በተከራየችበት ብሎክ ተመዝግባለች። እሷም በስብሰባ ብትገኝ ከሁሉ ታናሽ ሆና ቃለ ጉባኤ ጻፊ እንዳሏት ነገረችን። የብዙ ዕድሮች የወር መዋጮ ያን ምሽት ስለ ፍቅር እያወራን ለማኪያቶ ከከፈልነው አይበልጥም።

ስለዚህ ሦስታችን በያዝነው ወር ልንመዘገብ ተስማምተናል። ወንዶቹ ድስት ልናጥብም ቃል ገብተናል፣ እህቶቻችን ምስክር ይሁኑብን። የእንጀራዋን እናት መመዝገቢያ ደግሞ አዋጥተን ከፍለናል። ይሄን ለመመፃደቅ አይደለም የነገርናችሁ። እሳቸው በልጅነታችን ከሰጡን እንጀራ ጋር ሲተያይ ገና ዕዳ አለብን።

እናንተስ? ግድግዳ የምትጋሩትን ሰው ስም ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁት ዛሬ ማታ አንኳኩና ጠይቁት። ቢደነግጥ አትፍረዱበት፣ ለምዶት አይደለም።

ቸር ያሰንብተን።