የመድኃኒቱ ስም ለበሽተኛው ይነገረው



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አበው ተናግረዋል። በእኛ በላስታ አገር ግን በሽታው ሳይደበቅ የመድኃኒቱ ስም ተደብቆ ሰው ሲጎዳ ስለምናይ፣ ይህች አጭር አስተያየቴ በአንባብያን ገጽ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅዳሜ ገበያ ወደ ላሊበላ ከተማ የሚመጣው ገበሬ እህሉን ሸጦ ጨውና በርበሬውን ከገዛ በኋላ፣ ለሳል ወይም ለተቅማጥ የሚሆን ክኒን ይጠይቃል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጥቂት ፍሬ ተቆጥሮ በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍበትም። ገበሬውም «ነጩን ክኒን ዋጥሁ» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም።

መድኃኒት ለብዙዎች ፈውስ ሲሆን ለጥቂቶች አልስማማ ይልና ሰውነታቸውን ያስቆጣል። ከዚህ ዓይነቱ ቁጣ እጅግ የከፋው ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. በሁለት ልጆች ላይ አይተው ከጻፉት ከሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይነሣል። በመጀመሪያ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የዓይን መቅላት ይታያል። ቀጥሎ አፍና ከንፈር ይቆስላል፤ ገላ ያቃጥላል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ በመጨረሻም እሳት እንደ ፈጀው ቆዳው ይገፈፋል። ከገላው ከመቶ 30 እጅ በላይ የተላጠበት እንደ ሆነ ከሦስት በሽተኞች አንዱ ገደማ ይሞታል። የተረፈውም ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ከሚያስነሡት መካከል ኮትሪሞክሳዞልና ሌሎች የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን፣ እንዲሁም ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ይገኙበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ቀዳሚ የወባ መድኃኒት የነበረው ፋንሲዳርም ሰልፋ ያለበት ስለ ሆነ በዚሁ ጠባዩ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ከንፈሩ ቆስሎ የሚያተኩሰውን ሰው ያየ ዘመድ ምን ይላል? «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ ያሽለታል። በጎረቤቴ ቤት ያየሁት ይኸንኑ ነው። ዳማከሴውን አልነቅፍም፤ ጥፋቱ ክኒኑ ሳይቆም መቀጠሉ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒቱን ፈጥኖ ማቆም ነውና። ጎረቤቴ ሐኪም ቤት ደርሶ «ምን ወሰድህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አጣ። እግዚአብሔር ቢያተርፈውም የጎዳውን ነገር ስም ስለማያውቅ ነገ ያንኑ ክኒን ደግሞ ሊገዛ ይችላል፤ ሁለተኛው ቁጣ ደግሞ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። በጋሸና በኩል ወልድያ ወርዶ፣ ከዚያም በቆዳ ሕክምና እስከ ታወቀው፣ ደሴ አጠገብ እስካለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድረስ መጓዝ ለድኻ ምን ያህል እንደሚከብድ አገር የሚያውቀው ነው።

ይህን ስል ሰው መድኃኒት ይፍራ ማለቴ አይደለም። ይህ ደዌ በዓመት ከሚሊዮን ሕዝብ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው የሚይዘው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምንም ምልክት ሳያይ በወሬ ብቻ ክኒኑን ቢተው ሌላ አደጋ ይደርስበታል።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። መድኃኒት ሻጭ ሁሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሸጠውን አይሽጥ፤ በሚሰጠውም ላይ ስሙን ይጻፍ። በሽተኛውም ክኒኑ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ አንድ ወር ያህል ማሸጊያውን አይጣል። ትኩሳትና የአፍ ቁስል ወይም የቆዳ መቃጠል ቢያይ ማሸጊያውን ይዞ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂድ። ከዳነም የማይስማማው መድኃኒት ስም በካርድ ተጽፎ ይሰጠው። የጤና ባለሙያዎችም የደረሰውን ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያስታውቁ፤ በ8482 ነጻ የስልክ መሥመር ማንም ሰው ሊያመለክት ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው፣ ካህናት አባቶቻችንም ከቅዳሴ በኋላ ይህን ለሕዝቡ ቢነግሩልን ቃላቸው ይሰማል።

በብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ስም መጻፍ ጥቂት ቀለም እንጂ በጀት አያስፈልገውም። ያ ስም ግን የአንድ ቤት አባወራ ዓይን ወይም ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አንድ አንባቢ
ከላሊበላ