ከ«ወላጅ ይዘህ ና» ወደ መተማመን፦ የትምህርት ቤትና የቤተሰብ ግንኙነት በቴሌግራም ዘመን

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቃሉ ጥሪ ይመስላል፤ ለተማሪው ግን ቅጣት ነው። ወላጁም የግቢውን በር ሳይረግጥ ልጁ ምን አጥፍቶ ይሆን እያለ ይጨነቃል። ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የተገናኙት ጥፋት ሲፈጸም፣ መዋጮ ሲጠየቅ ወይም የዓመቱ ሰርተፍኬት ሲሰጥ ነው። ዛሬ መልእክት በቅጽበት በሚደርስበት ጊዜ ይህ ጠባብ ግንኙነት ሰፍቷል፤ ሆኖም የሰፋው ግንኙነት የልጁን ክብር መጠበቁ አጠያያቂ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ተከስቶ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ፣ በተለይ በአዲስ አበባ የሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶች የመልመጃ ወረቀቶችን በቴሌግራም ወደ መላክ ዞሩ። ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱም በኋላ በየክፍሉ የተቋቋሙት የወላጆች ግሩፖች በብዙ ቦታ ሥራቸውን ቀጠሉ። በተማሪው ቦርሳ ይመላለስ የነበረው የመገናኛ ደብተር የሚሠራውን ሥራ አሁን ግሩፑ ይሠራል። ፍጥነቱ ጥቅም ነው። ነገር ግን ደብተሩ የሚናገረው ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ነበር፤ ግሩፑ የሚናገረው በአደባባይ ነው።

የሚፈጠረው ጉዳት ከዚህ ልዩነት ይመነጫል። መምህሩ የክፍሉን ውጤት ከነደረጃው በፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል፤ የሒሳብ ክፍሉ ወርኃዊ ክፍያ ያልከፈሉትን በስም ዘርዝሮ ይልካል፤ ሌላው ደግሞ የተጣሉ ሁለት ልጆችን ስም ጠቅሶ ወላጆቻቸውን ይጠራል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ መሣሪያው በእጅ ስለተገኘ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የወላጆችን ስልክ ልጆች ጭምር ያዩታል፤ ማታ የተለጠፈው ዝርዝር ጠዋት በክፍል ውስጥ መሳለቂያ ሊሆን ይችላል። በአደባባይ ያፈረ ወላጅ ከግሩፑ ይወጣል፤ በዚያው ከትምህርት ቤቱም ይርቃል። ከዚህም በላይ የልጁ ፎቶ፣ ክፍሉና የሚለቀቅበት ሰዓት በአንድ ቦታ ተሰብስበው ሲገኙ ተንኮል ላሰበ ሰው መንገድ ይጠርጋሉ። በትምህርት ቤቱ ስም የሐሰት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ልኮ ገንዘብ ለመቀበል ለሚሞክር አጭበርባሪም ያልተጠበቀ ግሩፕ ምቹ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 16 ይህንኑ መብት ለሕፃናት ያረጋግጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ከሚያስፈልገው መጠን ሳያልፍና ደኅንነቱ ተጠብቆ እንዲያዝ ይጠይቃል። ሆኖም አዋጅ ብቻውን መምህሩ ስልኩን ሲያነሣ እጁን አይዘውም፤ በየትምህርት ቤቱ የሚሠራበት ግልጽ ሥርዓት ያስፈልጋል።

የሥርዓቱ መሠረት መልእክትን እንደ ባሕርዩ መለየት ነው። የፈተና መርሐ ግብር፣ የበዓል ቀን ወይም የስብሰባ ጥሪ ለሁሉም የሚነገር ስለሆነ ኃላፊዎች ብቻ በሚጽፉበትና ተከታዮች እርስ በርሳቸው በማይተያዩበት የቴሌግራም ቻናል ሊተላለፍ ይችላል። ውጤት፣ ክፍያ፣ መቅረትና ሕመም ግን የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ናቸው፤ ለዚያ ቤተሰብ ብቻ በግል ይነገራሉ። በልጁ ላይ የደረሰ ጥቃት ወይም ከባድ የሥነ ምግባር ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ፊት ለፊት ከመነጋገር የሚሻል መንገድ የለም። ክፍያን የሚመለከት ማንኛውም ለውጥ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ካልተረጋገጠ ወላጅ እንዳይቀበለው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ምስጢር መጠበቁ ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ ያልተነበበ መልእክት እንዳልተላከ ይቆጠራል። ዘመናዊ ስልክ የሌላት የቀን ሠራተኛ እናት ቻናሉን አታየውም። ማንበብ የማይችል አባት የተላከለትን ደብዳቤ የሚያስነብበው ብዙ ጊዜ በዚያው በተከሰሰው ልጅ ነው፤ ልጁም የሚጎዳውን መስመር ዘሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ምዝገባ ሲካሄድ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየትኛው ቋንቋ፣ በስንት ሰዓትና በምን መንገድ ሊገኝ እንደሚችል ተጠይቆ ሊመዘገብ ይገባል። አጭር የስልክ ጥሪ ከረጅም ጽሑፍ ይልቅ የሚጠቅምበት ቤት ብዙ ነው።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጆይስ ኤፕስታይን የቤተሰብን ተሳትፎ በስድስት ሲከፍሉ አንዱ ያደረጉት ግንኙነትን ነው፤ ይህም ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ብቻ ሳይሆን ከቤት ወደ ትምህርት ቤትም የሚሄድ ነው። ወላጅ የሚሰማበት እንጂ የሚናገርበት መንገድ ከሌለው ማስታወቂያ ይደርሰዋል እንጂ ግንኙነት አለው አይባልም።

በርካታ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር ለየቤተሰቡ የሚደውልበት ጊዜ ከየት ያመጣል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መምህሩ በገዛ ስልኩና በገዛ ካርዱ ይህን ሁሉ እንዲሸከም መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ ሸክሙ የተቋሙ መሆን አለበት፦ የትምህርት ቤቱ የራሱ ስልክ፣ ለግንኙነት የተመደበ ሰዓት፣ እንዲሁም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ተወያይቶ ያጸደቀው አጭር የአሠራር መመሪያ። ለሁሉም ቤት በየሳምንቱ መደወል አይጠበቅም፤ በዓመቱ መጀመሪያ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መልካም ነገር ለወላጁ ማሰማት ግን ይቻላል። ይህ ቀድሞ የተደረገ እንደሆነ፣ ችግር በመጣ ዕለት ወላጁ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመጣው እንደ ተከሳሽ ሳይሆን ልጁን አብሮ እንደሚያሳድግ ሰው ነው።