ስለ ምድር መናወጥና ከእሳተ ገሞራ ጎን ስለሚወጣው እሳት

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈንድቶ አመዱ ወደ ሰማይ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ፤ ቀይ ባሕርንም ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ዑማን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ህንድ አገር ደረሰ። ይህ ተራራ ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ በታሪክ ተጽፎ የሚገኝ ነገር አልነበረምና ነገሩ ለብዙ ሰው ያልታሰበ መሰለው። ከሥሩ ለመረመረው ግን መነሻ ነበረው። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎረቤቱ ኤርታ አሌ በፈነዳ ጊዜ ቅልጥ ዓለት በምድር ውስጥ ወደ ደቡብ እየሰነጠቀ ሄዶ ከሃይሊ ጉቢ ሥር መድረሱ በሳተላይት ታይቶ ነበር።

ይህን የመሰለ ወሬ ሲሰማ በመካነ ብርሃን የሚኖር ሰው የስሜንስ ተራራ እንዴት ይሆናል ብሎ ካህኑንና ሹሙን ቢጠይቅ አያስነቅፈውም። የስሜን ተራራ ራሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነውና፤ በገደሉ ላይ ተደራርቦ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ያን ጊዜ ፈስሶ የረጋ ነው። ነገር ግን ያ እሳት ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ ምድር የምትሰነጠቅበትና ቅልጥ ዓለት የሚወጣበት መሥመር በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ነው። ምድር በተናወጠች ቁጥር እሳት ይከተላል ማለት እንዳይደለም ጎንደር ራሷ ምስክር ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1704 የደረሰው መናወጥ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ጎዳ እንጂ እሳት አላወጣም።

እንግዲህ አንዱን መናወጥ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? ቅልጥ ዓለት በተራራ ሥር ተጠራቅሞ ግፊቱ በዙሪያው ካለው ድንጋይ ጽናት በበለጠ ጊዜ ድንጋዩን ሰንጥቆ ለራሱ መንገድ ያወጣል። ስንጥቁ ስስና ረጅም ሆኖ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው፤ ሊቃውንቱም ዳይክ ይሉታል። ሁልጊዜም ሽቅብ አይወጣም፤ ምድር ወደምትላላበት ወደ ጎን ይሄዳል። ጫፉ ድንጋይ በሰበረ ቁጥር ምድር ትናወጣለች። ስለዚህ አንድ ታላቅ መናወጥ ሆኖ የሚከተሉት እየደከሙ ቢሄዱ፣ ይህ እንደ ልማዱ የምድር ንብርብር መንሸራተት ነው። ብዙ ትናንሽና መካከለኛ መናወጦች ግን ሳያቋርጡ ተከታትለው ስፍራቸውን እየለወጡ በአንድ መሥመር ቢጓዙ፣ ቅልጥ ዓለት በመንገድ ላይ መሆኑን ያሳያል። በዚያው ጊዜ የተነሣበት ተራራ ዝቅ ሲል፣ ዳይኩ ያለፈበት ምድር ግራና ቀኝ ይለያያል። የጠላ ጋን ጎኑ ቢሰነጠቅ ጠላው በአፉ ሳይሆን በጎኑ እንደሚፈስ፣ እሳቱም ከአናት ይልቅ ከጎን ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ ጉዳቱ ሰው ሁሉ ከሚመለከተው ከተራራው ጫፍ ርቆ በመንደርና በግጦሽ ላይ ይሆናል።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር የሆነው ለዚህ ዋነኛ ማስረጃ ነው። ምድር ከሳምንት በላይ ያለ ዕረፍት ስትናወጥ ሰንብታ፣ መስከረም 16 ቀን፣ የመስቀል ደመራ በሚበራበት ዕለት፣ ከዳባሁ ተራራ ጎን ዳዑሬ በተባለ ስፍራ ምድር ተሰንጥቃ አመድ ተፋች። ከምድር በታች የሆነው ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ነበር፤ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ እስከ 8 ሜትር የሚደርስ ዳይክ ገብቶ ነበርና። ከዚህ ሁሉ ወደ ላይ የወጣው ጥቂት ብቻ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፋን መካከል ምድር ለወራት ተናወጠች፤ ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፋን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ፈነዳ፤ የካቲት 7 ቀን ሌሊት መጠኑ 6.0 የሆነ መናወጥ ደረሰ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ከቤቱ ተነሣ። እሳት ግን አልወጣም፤ ቅልጡ ዓለት ከምድር በታች ቀርቷልና። ሕዝቡ በከንቱ ተነሣ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይህ አባባል ግን ትክክል አይደለም። ከ1820 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገደማ ከዚያው ከፈንታሌ ደቡባዊ ጎን የፈሰሰው ጥቁር ዓለት ዛሬም በመተሐራ አጠገብ ይታያል። ወጥቶ የሚፈስሰውና በምድር ውስጥ የሚቀረው ሲጀምሩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ደግሞም ቤት የሚያፈርሰው መናወጡ ራሱ ነው።

መናወጡን በጊዜው የተከታተለ አገር ምን እንደሚያተርፍ በሃዋይ ታይቷል። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ የኪላዌያ መናወጦች ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መሣሪያዎቹ በየሰዓቱ ያሳዩ ስለ ነበር፣ ከአናቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው መንደር ለሚኖሩት አስቀድሞ ተነገራቸው። እሳቱ ከ700 በላይ ቤቶችን ሲያጠፋ በፈሰሰው ዓለት የሞተ ሰው አልነበረም።

በኢትዮጵያ የመናወጡ መጠን ይህን ያህል ነው የሚለው ቁጥር ቶሎ ይነገራል፤ የሰማውም ሁሉ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ሹም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር መናወጥ አጥኚዎች ሊጠይቀው የሚገባው ግን መናወጡ ይጓዛል ወይስ ቆሟል፣ ወዴትስ ያመራል የሚለውን ነው። ይህን ለመመለስ ከእሳተ ገሞራዎቹ አጠገብ ሌትና ቀን የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሳተላይት በየቀናቱ ተመላልሶ ያልፋል እንጂ በየሰዓቱ አይናገርም። መልሱ ሲገኝም በአንድ ቀን ወደ ቀበሌው መድረስ አለበት፤ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ከተነገረ ደግሞ ከማናቸውም ደብዳቤ ፈጥኖ ይሰማል። ከኤርታ አሌ ሐምሌ እስከ ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 4 ወር ነበረ፤ በአፍዴራ ለሚኖረው አርብቶ አደር ግን አመዱ በግጦሹ ላይ የወደቀው ድንገት ነበር።