ማንም ያልከለከለን ጸሎት

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። እራት ቀርቦ፣ ማዕድ ልንባርክ ስንነሳ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ከወንበሩ አልተነሳም። «ተነስ እንጂ» አልኩት። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ፣ እኔ የማምን አይመስለኝም። ተነስቼ ማስመሰል ደግሞ አልፈልግም» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሰጠሁት መልስ የእናት ሳይሆን የፖሊስ ነበር። «እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም! ነገውኑ የንስሐ አባታችን ይጠራሉ!» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ ተነሳ። ባለቤቴ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፤ ልጄም መጨረሻ ላይ «አሜን» አለ። ሽሮው ቀዝቅዞ በላን። ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን አለመነሳቱ አልነበረም፤ ያ «አሜን» ነው። የውሸት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያስዋሸሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ነገሩን ለቅርብ ጓደኞቼ ሳጫውት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተረዳሁ። የአንዷ ልጅ ቅዳሴ ላይ በነጠላዋ ሥር የጆሮ ማዳመጫ ታደርጋለች። የሌላዋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በተመለሰ በዓመቱ፣ «ሃይማኖት የባህል ጉዳይ ነው» ማለት ጀምሯል። እናቶቹ ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ በሽታ እንደተገኘበት ቤተሰብ።

በቁጥር ብንሄድ የሚያስፈራ ነገር የለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ 0.7 በመቶው ካቶሊክ ነኝ ብሏል። አዲስ አበባ ላይማ ኦርቶዶክሱ ብቻ 74.7 በመቶ ነበር። ጥምቀት ሲደርስ ጃንሜዳን ያየ ሰው ይህች አገር እምነቷን እያጣች ነው ቢሉት ይስቃል። ቆጣሪው ግን የሚጠይቀው የሃይማኖታችሁን ስም ነው። ማታ ማታ አብራችሁ ትጸልያላችሁ ወይ፣ ልጃችሁ የሚከነክነውን ለእናንተ ይነግራችኋል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው 46.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። ሃይማኖት የለኝም ያለው ደግሞ 37.2 በመቶ ደርሷል። እሷ ሁለት ልጆቿን እዚያው ነው ያሳደገችው። «እንዴት ሆኑ?» ስላት በስልክ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «አልተጣሉም፤ አልተከራከሩም። በቃ አያነሱትም። እኔም ሥራ ውዬ ስገባ ይደክመኝ ነበር፤ እሁድም እሠራ ነበር። ሳንጣላ ነው የተለያየነው።»

ይህን ሁሉ ተሸክሜ በቀጣዩ ቅዳሜ ጌጃ ሰፈር እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ያደግኩበት ሰፈር ነው። የልደታ አካባቢ ለመልሶ ማልማት መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ወደ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል፤ እኔም ጀሞ ነው የምኖረው። እናቴ ግን እስካሁን ከዚያው አልወጣችም። ጠዋት የልደታን ደጅ ትሳለማለች። ስትመለስ ደግሞ ጌጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከምታመልከው የድሮ ጎረቤቷ ጋር ቡና ትጠጣለች። በሃይማኖት ሳይስማሙ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

እየቆላች አዳመጠችኝ። እንደኔ ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አልደነገጠችም። «ስትጸልዪ አይቶሽ ያውቃል?» ብቻ አለችኝ።

«እንዴ እማ፣ ማታ ማታ ማዕድ...»

«እሱማ የምግብ ነው። አንቺ ብቻሽን ሆነሽ፣ ቸግሮሽ፣ ጉልበትሽ መሬት ነክቶ አይቶሽ ያውቃል?»

አሰብኩ። ጠዋት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ማለቴ በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መኝታ ቤቴን ዘግቼ ሁለት ደቂቃ እቆማለሁ። ታክሲ ውስጥ በልቤ እላለሁ። ልጄ የሚያየኝ ግን ስልክ ላይ አጎንብሼ ነው። ለሥራ ይሁን ለወሬ እሱ በምን ያውቃል? የሚያየው አንገቴ ለምን እንደሚጎነበስ ነው።

ከዚያ እናቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሶሻሊዝምን ሲያውጅና የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያንም ርስቷን አጣች። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ተወረሰና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። እናቴ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት በውይይት ክበብ ተሰብስበው ዓለም ከቁስ አካል ውጭ ሌላ ነገር እንደሌላት ይማሩ ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠራው እሁድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴው ሰዓት ነው። የቀረ ስሙ ይያዛል።

«ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ስንዴ ስለቅም እጸልይ ነበር» አለችኝ። «ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ አንድ ፍሬ እያነሳሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ እቆጥራለሁ ብሎ ያስብ ነበር። አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ትሰሚያለሽ። ሦስት ዓመትሽ ነው፤ እየተኮላተፍሽ አብረሽኝ ትይ ነበር።» ጎረቤቷም በወዲያ በኩል ጀመረች፦ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን አፍነው፣ አምስት ስድስት ሆነው ቤት ውስጥ ይዘምሩ ነበር። እናቴ ደግሞ ደጃፍ ተቀምጣ እንግዳ ሰው ሲመጣ ጮክ ብላ ታስላለች። «ጴንጤ ብላ ስታናድደኝ ውላ፣ ማታ ዘብ ትቆምልኛለች» ብላ ሳቀች ጎረቤቷ።

ያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነስተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ታስረው ነበር፤ ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቢመቻችላቸውም ሕዝባቸውን ትተው መሄድን አልመረጡም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታስረዋል። የሁለቱም አባቶች አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በዚያ ሁሉ መካከል እናቶቻችን እምነታቸውን በሰፌድ ላይ፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ፣ ለእኛ አስተላለፉልን። እኔን ዛሬ ማን ከለከለኝ? ማንም። የእሁድ ስብሰባ የለብኝም፤ ከንፈሬን የሚጠብቅ ካድሬ የለም። እናቴ በተከለከለችበት ዘመን ለእኔ ያሰማችኝን ጸሎት፣ እኔ ባልተከለከልኩበት ዘመን ለልጄ አላሰማሁትም። ይህን ሳስብ ቁጣዬ ሁሉ ከልጄ ላይ ተነስቶ ወደ እኔ ዞረ።

አንዳንዶቻችሁ «እንግዲህ ዘመኑ ነው፤ ኢንተርኔቱ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ኢንተርኔቱ ድርሻ የለውም አልልም። ልጄ ጥያቄዎቹን ያገኘው ከዚያው ነው። ግን ጥያቄውን ወደ ስልኩ ይዞት የሄደው እኔ ጋ በሩ ስለተዘጋበት ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለ፣ «እግዚአብሔር ጥሩ ከሆነ ሕፃናት ለምን ይሞታሉ?» ብሎኝ ነበር። «እንዲህ አይባልም» ብዬ አሳለፍኩት። ስልኩ «አይባልም» አይልም። ሌሊት በሰባት ሰዓትም ቢሆን ይመልስለታል።

ያቺው ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገብቼ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ እምነቴ አይደለም፤ በግድ ስላስባልኩት አሜን። ደነገጠ። ከዚያ አንድ ስምምነት አደረግን። እሱ በጸሎት ሰዓት ከማዕዱ አይነሳም፤ ስልክ አይነካም፤ እኛን አክብሮ ይቆማል። የማያምንበትን ቃል ግን እንዲል አናስገድደውም። እኔ ደግሞ የጠየቀኝን ሁሉ አዳምጣለሁ፤ ካላወቅኩ «አላውቅም» እላለሁ፤ ከዚያም ከሚያውቅ ሰው ጋር አብረን እንጠይቃለን። ባለቤቴ መጀመሪያ አልወደደውም። «ልል ሆንሽ» አለኝ። ንስሐ አባታችን ግን ሲሰሙ ፈገግ አሉና፣ «ቤተ ክርስቲያን ለተጠራጣሪው ሙሉ እሁድ ሰጥታለች እኮ» አሉን። ዳግም ትንሣኤን ማለታቸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ፣ ካላየሁና ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው ቶማስ ይታሰባል። ሌሎቹ ሐዋርያት ቶማስን አላባረሩትም። ስምንት ቀን ሙሉ እየተጠራጠረ አብሯቸው ነበር። ጌታ ሲመጣም ያገኘው እዚያው መካከላቸው ነው።

እኔም የራሴን ልማድ ቀየርኩ። የመኝታ ቤቴን በር ክፍት አድርጌ መጸለይ ጀመርኩ። ለይምሰል እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ሰው ፊት መጸለይ ቀላል ፈተና አይደለም። ግን ልጅ ፊት ጸሎትን መደበቅም ሌላ ዓይነት ውሸት ነው። አንድ ቀን ስለ ሥራዬ ጨንቆኝ ሳለቅስ አየኝ። ምንም አላለኝም፤ ውሃ በብርጭቆ አምጥቶ ደፉ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ማርያም ስትከበር አብሮኝ ጌጃ ሰፈር ሄደ። የተረፉት ጎረቤቶች እንደ ድሮው ደጅ ላይ ተሰብስበው ነበር፤ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ቡናው ተፈልቷል። የእናቴ ጴንጤ ጎረቤት ንፍሮውን አትቀምስም፤ ግን በርጩማዋን ይዛ መጥታ ዳር ተቀምጣለች። እናቴ ለልጄ ሳህን አስይዛ፣ በእግራቸው መውጣት ለማይችሉት ሁለት አዛውንት እንዲያደርስ ላከችው። ሲመለስ አጠገቧ ተቀመጠና ድንገት ጠየቃት፦

«እማማ፣ አንቺ ግን ተጠራጥረሽ አታውቂም?»

ትንፋሼን ያዝኩ። እናቴ ንፍሮውን ማኘኳን ጨርሳ፣ «ምነው አልጠራጠር!» አለችው። «በ1970 ታናሽ ወንድሜን ከቤት ወስደው ሳይመልሱት የቀሩ ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የልደታን ደጅ ስስም አፌ ብቻ ነበር የሚስመው። ልቤ የለም። እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተውሽውም?»

«አኮረፍኩ እንጂ መሄዴን አልተውኩም፣ የኔ ጌታ። የተኮራረፍከው ሰው ቤት መመላለስ ካላቆምክ፣ አንድ ቀን ሳታስበው ታወራለህ።»

ልጄ ምንም አልመለሰም። ከሳህኑ ሽንብራውን እየመረጠ መብላት ቀጠለ። «አመነ» ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ያ ሌላ የውሸት አሜን ይሆናል። እስከዛሬም ማታ ማታ ዝም ብሎ ይቆማል። ጥያቄው ግን አልቆመም፤ ባለፈው ሳምንት እንዲያውም ስለ መጽሐፈ ኢዮብ ከንስሐ አባታችን ጋር አንድ ሰዓት ተከራክሮ፣ እሳቸው ደክሟቸው «ሐሙስ ና» ብለው ቀጥረውታል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በዚህ ወር የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ልጃችሁ አላምንም ቢላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። «ምን አይተህ ነው?» በሉት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ ማታ ስትጸልዩ በሩን አትዝጉት። እናቶቻችን በሰፌድ ላይ ያደረጉትን እኛ በክፍት በር ማድረግ አያቅተንም።