የጦር መርከብና የዕርቅ ነገር

ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሚያዩትን ጨዋታ አባትና እናት ተረት ነው ብለው ሊንቁት አይገባም፤ ተረት ለትልቁም ለትንሹም ትምህርት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነን፥ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በ1964 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ መጋቢት በስድስት ክፍል ያሳየው የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ ነው። ስሙም «የባሕር ሰይጣኖች» ይባላል።

ይህ ታሪክ ሲሠራ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ታላቅ ርዳታ አደረገ። ሪክሌይም የምትባለው የጠላቂዎች መርከብና በፖርትስመዝ የነበረው የመድፍ መለማመጃ ስፍራ ለሥራው ተፈቀዱ፤ እውነተኞች መርከበኞችም በጨዋታው ገቡ። የጨዋታው አዘጋጅ ባሪ ሌትስም ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዚሁ የባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ነበረ።

ነገሩም እንዲህ ነው። ሰው ሳይሠለጥን አስቀድሞ በምድር ላይ ይኖሩ የነበሩ፥ ከባሕር በታች ለብዙ ዘመን ያንቀላፉ ፍጥረቶች ነቅተው መርከብ ያሰጥማሉ። ዶክተሩ ወደ ማደሪያቸው ወርዶ ስለ ዕርቅ ይነጋገራል፤ አለቃቸውም ቃሉን ለመቀበል ያዘነብላል። በዚያው ሰዓት ዎከር የሚባል፥ ማዕዱን ከፊቱ የማያርቅ የመንግሥት ሹም፥ ፈንጂ ወደ ባሕር ይጣል ብሎ ያዛል። ፈንጂው ሲፈነዳ ዕርቁ ፈረሰ። በመጨረሻም ዶክተሩ ጦርነት እንዳይነሣ ሲል ማደሪያቸውን ራሱ አጠፋው፤ ለማስታረቅ የወረደው ሰው አጥፊ ሆኖ ተመለሰ።

እንግዲህ አስተውሉ። መርከበኞቹ በታሪኩ ውስጥ ደፋሮችና ታዛዦች ሆነው ይታያሉ፤ ጥፋቱ የመርከቡ ወይም የመድፉ አይደለም፤ የወረደው ሰው እስኪመለስ መታገሥ ያቃተው የሹሙ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ዎከር ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ይህ ነገር ለሹም ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በቤቱ ውስጥ ሁለት ልጆች ሲጣሉ እናት ልታስታርቃቸው ተቀምጣ ሳለ፥ አባት ነገሩን ሳይሰማ በትር ቢያነሣ፥ ያው የዎከርን ሥራ ሠራ። ልጆቹም በትሩን ይፈሩት ይሆናል እንጂ ዕርቅን አይማሩም። ኃይል ያለው ሰው ኃይሉን እስከ ጊዜው መያዝ ከቻለ፥ ኃይለኛ መባል የሚገባው ያን ጊዜ ነው።